ርዕሰ መምህሩና የተማሪው ጥያቄ በወለጋ ከተሞች

የዘንድሮው መድብል አዘጋጆች «ከሙያችሁ ወጣ በሉና ስለመጣችሁበት አገር ታሪክ ጻፉልን» ሲሉ፣ የጅማ ልጆች ስለ አባ ጅፋር፣ የሐረር ልጆች ስለ ጀጎል እንደሚጽፉ ገምቻለሁ። እኔ የወለጋ ልጅ ነኝ። በ1995 ጅማ ዩኒቨርሲቲ ስንገባ፣ ከነቀምቴ፣ ከጊምቢ፣ ከሻምቡ፣ ከነጆና ከደምቢ ዶሎ የመጣን ልጆች ስንሰባሰብ ጨዋታችን ዞሮ ዞሮ አንድ ጥያቄ ላይ ያርፍ ነበር፦ «ያን ጊዜ የናንተ ዳይሬክተር ምን አደረገ?» «ያን ጊዜ» መቼ እንደሆነ ማንም አይጠይቅም። ሁላችንም ትምህርት ቤታችን የተዘጋበትን ቀን እናውቀዋለን።

የታሪክ ባለሙያ አይደለሁም፤ ሐኪም ነኝ። ያነበብኩትንና ያየሁትን ሳገጣጥም ግን የምደርስበት ሐሳብ ይህ ነው። በወለጋ ከተሞች ተማሪውን ከክፍል ያስወጣው ጉዳይ አብዛኛውን ጊዜ የተወለደው ከትምህርት ቤቱ አጥር ውጭ ነው፤ መሬት፣ ቋንቋ፣ ደን፣ የበቆሎ ዋጋ፣ የከተማ ፕላን። ርዕሰ መምህሩ አላመጣውም፤ ሊያስቀረውም አይችልም። ጥያቄው በስብሰባ ማለቁ ወይም በጥይት ማለቁ ላይ ግን እጁ አለበት። ያ እጅ ወዴት እንደሚያዘነብል የሚወስነው የሰውየው ጠባይ ብቻ አይደለም። ማን ሾመው? ማንስ ያነሳዋል? መልስ የሚሰጠው ለማን ነው? ነገሩ ያለው እዚያ ነው።

ከኦኔሲሞስ እስከ ዘመቻው

የነቀምቴ የዘመናዊ ትምህርት ታሪክ የሚጀምረው ራሱ ተከሳሽ በነበረ መምህር ነው። ኦኔሲሞስ ነሲብ በልጅነቱ ለባርነት ተሸጦ ምፅዋ ላይ ነፃ የወጣ፣ ስዊድን ድረስ ሄዶ የተማረ ሰው ነበር። ከአስቴር ጋኖና ከሌሎች ጋር ሆኖ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አፋን ኦሮሞ አስተርጉሞ በ1891 ለኅትመት አበቃ። በ1896 በደጃዝማች ኩምሳ ሞረዳ ግዛት ነቀምቴ ደረሰና ትምህርት ቤት ከፈተ፤ የሚያስተምረውም በሕዝቡ ቋንቋ ነበር። ሁለት ዓመት ሳይቆይ የአካባቢው ቀሳውስት ከሰሱትና ጉዳዩ አቡነ ማቴዎስ ዘንድ ደረሰ። አፄ ምኒልክ ወደ ነቀምቴ እንዲመለስ ፈቀዱለት፤ እንዳይሰብክ ግን ታገደ። ልብ በሉ፣ ገና ከመነሻው የወለጋ ትምህርት ቤት መሪ የቆመው በሁለት ኃይሎች መካከል ነው፤ በቅርብ ያለው ገዥ ያስጠጋዋል፣ ከላይ ያለው ይከለክለዋል። ክርክሩ ውስጥ ያለው ቋንቋ ደግሞ ከዘጠና ዓመት በኋላም ክርክር ውስጥ ነበር።

ከጣሊያን ወረራ በኋላ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በጠቅላይ ግዛት ከተሞች ሲከፈቱ ዳይሬክተሩ ከአዲስ አበባ በትምህርት ሚኒስቴር ተሹሞ የሚመጣ ሰው ነበር፤ ብዙ ጊዜም የውጭ አገር ዜጋ። ተማሪው ይፈራዋል፣ ያከብረዋል፤ የልቡን ግን አይነግረውም። የልቡን የሚነግረው ለሌላ ሰው ነበር። ከ1957 ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት ለአንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር እየሄዱ እንዲያስተምሩ የሚያስገድደው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተጀመረ። በዚያው ዓመት የካቲት ላይ ነው አዲስ አበባ «መሬት ለአራሹ» ብላ የወጣችው። እነዚያ ወጣት መምህራን በሻንጣቸው ሒሳብና እንግሊዝኛ ብቻ አልነበረም ይዘው የመጡት። አባቱ ጭሰኛ ለሆነ የአርጆ ወይም የቦጂ ልጅ መፈክሩ የመጽሐፍ ነገር አልነበረም፤ የጎጆው ጉዳይ ነበር።

በ1961 አድማው ከዩኒቨርሲቲ አልፎ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተዛመተ። ታኅሣሥ 1962 ጥላሁን ግዛው ሲገደል ሐዘኑ ክፍለ ሀገርም ደረሰ። በየካቲት 1966 ደግሞ መምህራን ራሳቸው የትምህርት ዘርፍ ጥናቱን ተቃውመው አድማ መቱ። ጥናቱ አብዛኛው የገበሬ ልጅ ከአራተኛ ክፍል እንዳያልፍ ያደርጋል የሚለው ስጋት መምህሩንና ወላጁን አንድ ላይ አቁሞ ነበር። መምህሩ ራሱ ባደመበት ሳምንት ተማሪውን «ወደ ክፍል ግባ» የሚል አልተገኘም። ከዚህ ትውልድ የወለጋ ልጆች ኃይሌ ፊዳ ከአርጆ፣ ባሮ ቱምሳ ከቦጂ፣ ነጋሶ ጊዳዳ ከደምቢ ዶሎ ወጡ። ሦስቱም በተለያየ መንገድ ሄዱ፤ አንዱ የመኢሶን መሪ፣ አንዱ ከኦነግ መሥራቾች፣ አንዱ የአገር ፕሬዚዳንት።

ደርግ ጥያቄውን ያስተናገደው በመላክ ነው። ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ሲጀመር ስልሳ ሺህ ያህል የዩኒቨርሲቲና የአሥራ አንደኛና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ከመምህራኖቻቸው ጋር ወደ ገጠር ተሰማሩ። ከዚያ የመጣውን የቀይ ሽብር ዘመን እዚህ አልዘረዝረውም፤ ብዙዎቻችሁ ቤት ውስጥ የተሰቀለ ፎቶ አለና። ለኔ ርዕስ የሚጠቅመው በ1976 የወጣው አዋጅ ቁጥር 260 ነው። ትምህርት ቤቶች የወላጆች ተወካዮች ባሉበት ኮሚቴ እንዲተዳደሩ ይደነግጋል። በወረቀት ሲታይ ሕዝባዊ ነው። በተግባር ግን ኮሚቴውም፣ ማኅበሩም፣ ዳይሬክተሩም ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ወደ ላይ ነበር የሚመለከቱት። ተማሪው ስብሰባ አላጣም፤ ያጣው ጥያቄ የሚጠየቅበት ስብሰባ ነው።

የ1986ቱ ፖሊሲና የ1994ቱ መጋቢት

ከ1984 በኋላ በወለጋ ትልቅ ነገር ተለወጠ። አፋን ኦሮሞ በቁቤ ተጽፎ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቋንቋ ሆነ። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም የትምህርት አመራር ዲሞክራሲያዊና ሙያዊ ይሆናል፤ ተቋማት በውስጥ አስተዳደራቸው ራሳቸውን ይችላሉ፤ ኅብረተሰቡ፣ መምህራንና ተማሪዎች ባሉባቸው ቦርዶች ይመራሉ አለ። በ1994 ደግሞ «ሰማያዊው መጽሐፍ» የምንለው የአመራርና የኅብረተሰብ ተሳትፎ መመሪያ መጥቶ የቀበሌ ትምህርት ቦርድንና የወላጅና መምህራን ኅብረትን አጠናከረ። ዛሬ ወተመህ የምንለው የዚያ ልጅ ነው። ሁሉም ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ማንም አይጠላውም። ችግሩ ርዕሰ መምህሩን የሚሾመውና የሚያነሳው ወረዳው መሆኑ፣ በብዙ ቦታ ደግሞ የገዥው ፓርቲ አባልነት ያልተጻፈ መስፈርት መሆኑ ነበር። ቦርዱ ይመክራል፣ ወረዳው ይገመግማል። ሰው የሚፈራው የሚገመግመውን ነው።

በ1992 የባሌና የቦረና ደን ሲቃጠል መንግሥት እሳቱን ለማጥፋት ዘግይቷል ብለው በኦሮሚያ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ወጡ። ሁለት ዓመት ቆይቶ መጋቢት 1994 ላይ ሌላ መጣ። ያን ዓመት በቆሎ በብዛት ተመርቶ ዋጋው ወድቆ ነበር። ገበሬው የማዳበሪያ ዕዳውን ሊከፍል ምርቱን ቢያወጣም የሚያገኘው ገንዘብ ዕዳውን አይሸፍንም። በወለጋ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ማለት ደግሞ የገበሬ ልጅ ማለት ነው፤ ከተማ ውስጥ ለሦስት ለአራት ሆኖ ክፍል ተከራይቶ፣ ቅዳሜ ቤቱ ሄዶ እሁድ ስንቅ ተሸክሞ የሚመለስ። የአባቱ ዕዳ ከስንቁ ጋር አብሮት ይመጣል። ሂውማን ራይትስ ዎች በጥር 1995 ባወጣው ሪፖርት በዚያ ሰሞን በኦሮሚያ ፖሊስ በትንሹ አምስት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን መግደሉንና ብዙዎችን ማሰሩን ጽፏል።

ያኔ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። የየትኛው ከተማ እንደሆነ አልጽፍም፤ ሰዎቹ አሁንም አሉ። ዳይሬክተራችን ለዓመታት ፊዚክስ ያስተማሩ፣ ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው ሰው ነበሩ። አንድ ጠዋት ከሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ በኋላ ደወል ተደውሎ ተማሪው ክፍል አልገባም አለ። እሳቸው መጀመሪያ ያደረጉት ዘበኛውን ጠርተው ትልቁን በር ማስከፈት ነው፤ መውጣት የፈለገ እንዲወጣ፣ ግፊያም እንዳይፈጠር። ቀጥለው ራሳቸው ወደ በሩ ሄደው ለፖሊስ አዛዡ «እዚህ ያሉት ልጆች ናቸው፤ ሽማግሌ አስጠርቻለሁ፤ እናንተ ከአስፋልቱ ወዲያ ቁሙልኝ» አሉት። አዛዡም የድሮ ተማሪያቸው ነበር መሰለኝ፣ ቆመላቸው። ከዚያ የሚኒ ሚዲያውን ድምፅ ማጉያ ለተማሪዎች ሰጡና ጥያቄያቸውን በተራ እንዲናገሩ አደረጉ። ጸሐፊዋ ጻፈች። «የማዳበሪያውን ጉዳይ እኔ አልፈታውም፤ ወረቀቱን ግን ማኅተም አድርጌ እልከዋለሁ» አሉ። በስድስት ሰዓት ሁሉም ወደ ቤቱ ሄደ። አንድም ሰው አልተጫረም።

ወረቀቱ ተላከ። በዘጠነኛው ቀን እሳቸው ከቦታቸው ተነሥተው ወደ ሩቅ ወረዳ ተዛወሩ። አዲሱ ዳይሬክተር በመጡ በሳምንቱ ሰልፍ ላይ የአሥራ አራት ተማሪዎችን ስም አነበቡ፤ ዝርዝሩ ፖሊስ ጣቢያም ደርሶ ነበር። ከአሥራ አራቱ አንዷ አጠገቤ የምትቀመጥ ጓደኛዬ ነበረች። ያን ቀን ድምፅ ማጉያውን ይዛ ስለ አባቷ ዕዳ የተናገረች ልጅ ናት። ሦስት ሳምንት ታስራ ወጣች፤ አባቷ መጥቶ ፍራሿን ጠቅልሎ ወሰዳት። ማትሪክ አልተፈተነችም። በሒሳብ ከኔ ትበልጥ ነበር፤ ይህን የምለው ለትሕትና አይደለም፣ የክፍላችን መዝገብ የሚያውቀው ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው የታሪክ ትምህርት የምለው። በቀጣዩ ጊዜ የትምህርት ቤታችን ተማሪ ቅር ሲለው ወደ ዳይሬክተሩ ቢሮ አልሄደም። ድምፅ ማጉያም አልጠየቀም። ደወል ሳይደወል በቀጥታ አስፋልት ላይ ወጣ፤ እዚያ የጠበቀው ሽማግሌ ሳይሆን መሣሪያ የያዘ ሰው ነበር። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ይባላል። በትምህርት ቤቱና በተማሪው መካከል የነበረው አጥር የተቀደደው ያ ዝርዝር በተነበበ ቀን ነው።

ከ1996 እስከ 2008

በጥር 1996 ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ300 በላይ የኦሮሞ ተማሪዎች ተባረሩ። የኦሮሚያ ዋና ከተማ ወደ አዳማ መዛወሩን የሚቃወመው እንቅስቃሴም በክልሉ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተሰማ። ሂውማን ራይትስ ዎች በ1997 ስለ ኦሮሚያ ባወጣው ሌላ ሪፖርት መምህራን ተማሪዎቻቸውን እንዲከታተሉና እንዲጠቁሙ ጫና እንደሚደረግባቸው ጽፏል። ቆየት ብሎ «አንድ ለአምስት» አደረጃጀት ወደ ክፍል ገባ። የተባለለት ዓላማ ጎበዙ ደካማውን እንዲረዳ ነው፤ በአንዳንድ ክፍል እንደዚያም ሠርቷል። ተማሪው ግን ከአምስቱ አንዱ ጆሮ ነው ብሎ ካመነ ጥናቱም ይበላሻል።

ሚያዝያ 2006 የአዲስ አበባና የዙሪያው የተቀናጀ ማስተር ፕላን ተቃውሞ በአምቦም በነቀምቴም ነበር። ኅዳር 2 ቀን 2008 ደግሞ ጊንጪ ላይ የትምህርት ቤት ልጆች ስለ ኳስ ሜዳና ስለ ጭልሞ ደን ጠየቁ። ጊንጪ ያለችው ከአዲስ አበባ በአምቦ አድርጎ ነቀምቴ በሚገባው አስፋልት ላይ ነው፤ ዜናው መንገዱን ተከትሎ ወለጋ ለመድረስ ቀናት ነው የፈጀበት። ጥር 3 ቀን 2008 ኦሕዴድ ማስተር ፕላኑ መሰረዙን አስታወቀ፤ ተቃውሞው ግን አልቆመም። በሰኔ 2008 የወጣው የሂውማን ራይትስ ዎች ሪፖርት የሟቾችን ቁጥር ከ400 በላይ አድርሶታል፤ ከእነሱም ብዙዎቹ ተማሪዎች ናቸው።

ያን ዓመት በምዕራብ ኦሮሚያ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል ነበርኩ። ዩኒፎርም እንደለበሱ የመጡ ልጆችን አክሜአለሁ። የደብተር ቦርሳ ድንገተኛ ክፍል ወለል ላይ ሲቀመጥ ከሌላ ዕቃ ይለያል፤ ማንም አያነሳውም። አንድ ቀን ሲቪል የለበሰ ሰው መጥቶ የድንገተኛ ክፍሉን መዝገብ ጠየቀ። የሆስፒታሉ ሜዲካል ዳይሬክተር «የበሽተኛ መዝገብ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ አይወጣም» አሉት። ሰውየው ተቆጣ፣ ዛተ፣ ሄደ። ሌሊቱን አልተኛንም፤ መዝገቡ ግን ከመሳቢያው አልወጣም።

ብዙ ጊዜ ያሰብኩበት ይህን ነው። ሜዲካል ዳይሬክተሩ ከፊዚክስ መምህሬ የበለጠ ደፋር አልነበሩም። ከኋላቸው ግን የሙያ ምስጢርን የሚጠብቅ ሕግ፣ የገቡት መሐላና ወረዳው በአንድ ደብዳቤ የማይነጥቃቸው የሙያ ፈቃድ ነበራቸው። ርዕሰ መምህሩም የስም መዝገብ አለው፤ የልጁ አባት ማን እንደሆነ፣ የት እንደተከራየ፣ ስንት ቀን እንደቀረ ተጽፎበታል። ያን መዝገብ አልሰጥም ሲል የሚደገፍበት ምን አለ? ዘጠኝ ቀን ብቻ።

የዚያው ዓመት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናም ሌላ ምስክር ነው። በኦሮሚያ ብዙ ትምህርት ቤቶች ለሳምንታትና ለወራት ተዘግተው ስለነበር «ፈተናው ይራዘምልን» የሚል ጥያቄ ተነሣ። ምክንያታዊ ጥያቄ ነበር፤ ማንኛውም ርዕሰ መምህር ክፍሉን ቆጥሮ ሊያረጋግጠው የሚችል። በትምህርት ቤት በኩል ግን ሰሚ አላገኘም። ግንቦት 22 ቀን 2008 ፈተናው አስቀድሞ በማኅበራዊ ሚዲያ በመውጣቱ ተሰረዘ፤ ከ250 ሺህ በላይ ተማሪዎች ከአንድ ወር በኋላ እንደገና ተቀመጡ። በደጅ ያልገባ ጥያቄ በመስኮት ገባ ማለት ነው። ሰኔ ላይ የተሰጠው ጊዜ ግንቦት ላይ በፈቃደኝነት ሊሰጥ ይችል ነበር።

ሶዌቶም እንዲሁ

ይህ የእኛ ጉድ ብቻ እንዳይመስለን። ሰኔ 9 ቀን 1968 በደቡብ አፍሪካ ሶዌቶ ተማሪዎች የወጡት ሒሳብን ጨምሮ ግማሹን ትምህርት በአፍሪካንስ ተማሩ ስለተባሉ ነው። በዕለቱ ከወጡት ትምህርት ቤቶች ዋናው ሞሪስ አይዛክሰን ነበር። ርዕሰ መምህሩ ሌክጋው ማታባቴ ከዚያ ጥቂት ዓመታት አስቀድሞ ከዩኒቨርሲቲ የተባረረውን ኦንክጎፖትሴ ቲሮን የታሪክ መምህር አድርገው ቀጥረው ነበር። መንግሥት ብዙም ሳይቆይ ቲሮን አስወጣው፤ በክፍሉ የዘራው ግን ቀረ። ማታባቴ ከአመፁ በኋላ ሕዝቡ ራሱን ለማስተዳደር ባቋቋመው «የአሥሩ ኮሚቴ» ውስጥ ገቡ። ተማሪ የሚያምነው ርዕሰ መምህር እዚያም ግድያውን አላስቀረም፤ ትእዛዙ ከሌላ ቦታ ነበርና። ልጆቹ በማግስቱ የሚሄዱበት አዋቂ ግን ነበራቸው። እኛ ይህን እንኳ ነው የነፈግናቸው።

ለመምህራኖቻችን

ከ2011 ወዲህ በወለጋ በነበረው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፣ ተጎድተዋል፤ የሁሉም ብሔር ገበሬ ልጅ ተፈናቅሏል። ተማሪ የሌለበት ግቢ ተቃውሞ አይነሣበትም። ያን ጸጥታ ሰላም ነው ብሎ በሪፖርት የሚጽፍ ካለ በሽተኛው ስላልጮኸ ድኗል እንደማለት ነው።

ይህን መድብል ከሚያነቡት ውስጥ ርዕሰ መምህራንን የሚያሠለጥኑ መምህራን አሉ። ዩኒቨርሲቲዎቻችን በትምህርት ዕቅድና አስተዳደር፣ በክረምትም በድኅረ ምረቃ ዲፕሎማ በትምህርት ቤት አመራር ያስተምራሉ። ዕቅድ፣ በጀት፣ ሱፐርቪዥን አለ። ደወል ተደውሎ ስምንት መቶ ተማሪ ክፍል አልገባም ያለ ጠዋት ምን እንደሚደረግ ግን ሥልጠና ይፈልጋል። ሆስፒታል ብዙ ቁስለኛ በአንዴ ቢመጣ ማን ምን እንደሚሠራ አስቀድሞ ተጽፎ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ በዓመት አንዴም ልምምድ ይደረጋል። ለትምህርት ቤትም ይጻፍ። በሩ ይከፈት ወይስ ይዘጋ? ሽማግሌ የሚጠራው ማን ነው? ፖሊስ ከየት ወዲያ ይቆማል? ጥያቄው በስንት ቀን መልስ ያገኛል? ታናናሾቹ ክፍሎች በየት ይወጣሉ?

ሥልጠና ብቻውን ግን የፊዚክስ መምህሬን አያድናቸውም፤ እሳቸው ሁሉንም ያለ ሥልጠና አውቀውት ነበር። የጎደላቸው ጥበቃ ነው። ርዕሰ መምህር በውድድርና በሙያ ይሾም፤ ከቦታው ሲነሣም ምክንያቱ ተጽፎ ወተመህ ይወቀው። የተማሪ የስም መዝገብ እንደ በሽተኛ ካርድ ይታይ፤ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ከቢሮ አይውጣ። የታጠቀ ኃይል በትምህርት ቤት ግቢ የሚገባው የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ሲሆን ብቻ፣ በርዕሰ መምህሩ ጽሑፍ ይሁን። የተማሪዎች መማክርትም የአበባ መትከያ ክበብ ከመሆን ወጥቶ ደብዳቤ ጽፎ መልስ የሚቀበል አካል ይሁን። የ1986ቱ ፖሊሲ አብዛኛውን ይህን ፈቅዶ ነበር፤ እንደ አዲስ የምንለምነው ብዙ የለም።

ዘንድሮ ከተመረቅን 15 ዓመት ሞላን። በመገናኛ ሳምንታችን ከእራትና ከፎቶ ሌላ አንድ ከሰዓት በኋላ ይመደብልንና የትምህርት አመራር መምህራን፣ ከነቀምቴና ከሌሎች ከተሞች የሚመጡ ርዕሳነ መምህራንና እኛ ሐኪሞች አብረን እንቀመጥ። የድንገተኛ ክፍል መመሪያችንን ይዤ እመጣለሁ፤ እነሱም የጠዋት ሰልፋቸውን ይንገሩን። ከዚያ አንድ ገጽ የሚሞላ ነገር ጽፈን ከተነሣን በሚቀጥለው መድብል የሚወጣ ይሆናል።